በ10 ሺሊንግ የተሸጠው አንበሳ፦ የሰለሞን ሊንዳ ታሪክ

«ላየን ኪንግ» የተሰኘውን የካርቱን ፊልም ያላየ ሰው ይኖር ይሆናል። ቲሞንና ፑምባ ጫካ ውስጥ እየተዘዋወሩ የሚያንጎራጉሯትን ዜማ ያልሰማ ግን ማግኘት ይከብዳል። ቃሏን የማያውቅ እንኳን ያፏጫታል። በእንግሊዝኛ «ዘ ላየን ስሊፕስ ቱናይት» ትባላለች፤ አንበሳው ዛሬ ማታ ተኝቷል እንደማለት ነው።

ዜማዋ ከአሜሪካም ከሆሊውድም አልመጣችም። የፈጠራት ሰለሞን ሊንዳ የሚባል ደቡብ አፍሪካዊ ነው። ይህ ሰው ሲሞት ባለቤቱ ለመቃብሩ ድንጋይ ማቆሚያ የሚሆን ገንዘብ አልነበራትም።

ታሪኩን ዛሬ ያነሳነው በምክንያት ነው። ሙዚቃ በኦንላይን እየከፈቱ መስማት ይሻላል ወይስ ገዝቶ መስማት? አርቲስቱን የሚጠቅመው የቱ ነው? የሚለው ክርክር አሁንም እንደቀጠለ ነው። አብዛኛው ሰው ድሮ ሸክላና ካሴት ሲገዛ አርቲስቱ ይጠቀም ነበር፣ ችግሩ የመጣው ከስልክ ጋር ነው ብሎ ያስባል። የሊንዳ ሕይወት ግን ሌላ ነገር ያሳያል። በእሱ ዘመን ሸክላው በብዙ ሺህ ተገዝቷል። የተገዛበት ገንዘብ ግን እሱ ቤት አልገባም። ለምን? እስቲ ከመጀመሪያው እንነሳ። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከብት ጠባቂው ልጅ

ሰለሞን ሊንዳ የተወለደው በ1909 በናታል ግዛት፣ ፖሜሮይ ከምትባል ትንሽ ከተማ አቅራቢያ ነው። አካባቢው ምሲንጋ ይባላል፤ የዙሉ ሕዝብ አገር ነው። ልጅነቱ እንደ ማንኛውም የገጠር ልጅ ከብት በመጠበቅ አለፈ። ከብት ጠባቂ ደግሞ ከአንበሳ ጋር ጠብ አለው። ያ የልጅነት ትዝታ በኋላ ዘፈን ሆኖ ይወጣል።

ጎርደን ሜሞሪያል በሚባል የሚሲዮን ትምህርት ቤት ገብቶ ተማረ። መዝሙርና በኅብረት የመዘመር ዘዴን ያገኘው እዚያ ነው። ከአሜሪካ በዘፋኝ ቡድኖች በኩል የመጣውን አዲስ ምት ከዙሉ ዜማ ጋር እያዋሃዱ እሱና ጓደኞቹ በየሠርጉ መዝፈን ጀመሩ።

በ1931 እንደ ብዙ የአካባቢው ወጣቶች ሥራ ፍለጋ ወደ ጆሃንስበርግ ሄደ። መጀመሪያ የቤት ዕቃ መሸጫ ውስጥ ተቀጠረ። ማታ ማታ ደግሞ ዘመዶቹ በሚመሩት «ኢቭኒንግ በርድስ» በተባለ የዘፋኞች ቡድን ውስጥ ይዘፍናል። የመጀመሪያው ቡድን በ1933 ሲበተን ካርልተን ሆቴል ሥራ አገኘና፣ ከፖሜሮይ የመጡ ልጆችን ሰብስቦ በዚያው ስም አዲስ ቡድን አቋቋመ። ባለ መስመር ሱፍ ለብሰው፣ ባለ ሁለት ቀለም ጫማ አድርገው መድረክ ላይ ሲወጡ ሕዝቡ ይወድላቸው ነበር። ከሠርግ ቤት ተነስተው በውድድር መድረኮች የታወቁ ሆኑ። ሊንዳ ቀጭኑን ከፍተኛ ድምፅ ይይዛል፤ ከስሩ ወፍራም ድምፅ ያላቸው ብዙ ሆነው ይሸከሙታል። በመሣሪያ ሳይሆን በሰው ድምፅ ብቻ የሚሠራ ሙዚቃ ነው።

በሦስተኛው ሙከራ

በዚያን ጊዜ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ኤሪክ ጋሎ የሚባል ነጋዴ ጋሎ በተሰኘ ኩባንያው ሸክላ ያሳትም ነበር። የኩባንያው ባለሙያ ግሪፊትስ ሞትሲየሎዋ እነሊንዳን ወደ ስቱዲዮ አመጣቸው። ሞትሲየሎዋ ራሱ ጥቁር ደቡብ አፍሪካዊና የሙዚቃ ሰው ነበር።

በ1939 ከተቀረጹት ዘፈኖች አንዱ «ምቡቤ» ነው፤ በዙሉ ቋንቋ አንበሳ ማለት ነው። ቃላቱ ጥቂት ናቸው። ሁለት ጊዜ ተሞከረና ሦስተኛው ላይ ተሳካ። በዚህኛው ላይ ወደ መጨረሻው ሊንዳ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ቃል የሌለው አንዲት ዜማ ከራሱ አፈለቀ። አልተጻፈችም፣ አልተጠናችም። ዛሬ ዓለም በሙሉ የሚያፏጫት እሷን ነው። ቆይታዋ የሰከንዶች ነው።

ከቀረጻው ብዙም ሳይቆይ ሊንዳ የዘፈኑን መብት ለጋሎ ኩባንያ ሰጠ። የተከፈለው 10 ሺሊንግ ነው። የአንድ ፓውንድ ግማሽ፣ በጊዜው ምንዛሪ ከ2 ዶላር ብዙም የማይርቅ ገንዘብ። በዚያን ዘመን ለጥቁር ዘፋኝ ለአንድ ቀረጻ አንድ ጊዜ ከፍሎ መሸኘት የተለመደ አሠራር ነበር። ከእያንዳንዱ ሸክላ ሽያጭ ድርሻ ማሰብ፣ ማለትም ሮያሊቲ፣ ለእሱ ዓይነቱ ሰው የታሰበ ነገር አልነበረም።

ከዘፈኑ ጋር ሌላ ነገርም አገኘ። ጋሎ በሸክላ ማሸጊያው ክፍል ሥራ ሰጠው። አስቡት እንግዲህ፣ በአገሩ ከታወቁት ዘፋኞች አንዱ ቀን ቀን ሸክላ ያሽጋል፣ ቅዳሜና እሑድ መድረክ ላይ ይወጣል።

«ምቡቤ» በ1940ዎቹ መጨረሻ በአፍሪካ ውስጥ ብቻ ወደ 100,000 ቅጂ እንደተሸጠ ይነገራል። ለዚያ ዘመንና ለዚያ ገበያ ይህ እጅግ ትልቅ ቁጥር ነው። ዘፈኑ የአንድ የሙዚቃ ስልት መጠሪያ እስከመሆንም ደረሰ፤ እንደዚያ በኅብረት የሚዘፈነው ሁሉ ምቡቤ ተባለ። በኋላ ከፖል ሳይመን ጋር «ግሬስላንድ» በተባለው የ1986 አልበም ላይ የዘፈኑት ሌዲስሚዝ ብላክ ማምባዞም የዚሁ ባህል ልጆች ናቸው።

ይህን ሁሉ ያልነው አንድ ነጥብ ለማስያዝ ነው። 100,000 ቅጂ ሲሸጥ 100,000 ጊዜ ሰው ከኪሱ ከፍሏል። ሌባ የለም፣ ኮፒ አድራጊ የለም፣ በነፃ የሚያወርድ የለም። ቢሆንም ሊንዳ ከ10 ሺሊንጉ ሌላ የዘፈን ድርሻ አላየም። ገንዘቡ መንገዱን ጠብቆ ሄዷል፤ መንገዱ የሚያደርሰው ግን መብቱን የያዘው ሰው ጋ ነው።

አንበሳው ባሕር ተሻገረ

ከሸክላዎቹ አንዱ አሜሪካ ደረሰ። አለን ሎማክስ የሚባል የሕዝብ ዘፈን ሰብሳቢ ከሌሎች የአፍሪካ ሸክላዎች ጋር አገኘውና ለጓደኛው ለፒት ሲገር ሰጠው። ሲገር ባንጆ ተጫዋችና ዘፋኝ ነው። ዘፈኑን ደጋግሞ እየሰማ ጻፈው። ዙሉ ስለማያውቅ በዘፈኑ ውስጥ አንበሳ ነህ የሚለውን ቃል «ዊሞዌ» ብሎ ሰማው። በዚሁ ስም «ዘ ዊቨርስ» የተባለው ቡድኑ በ1951 ቀረጸው፤ በ1952 በአሜሪካ ከታወቁት ዘፈኖች አንዱ ሆነ።

የደራሲው ስም ሲጻፍ ሰለሞን ሊንዳ አልተባለም። ፖል ካምቤል ተባለ። ፖል ካምቤል የሚባል ሰው የለም። ቡድኑና አሳታሚው ባለቤት የላቸውም በሚሏቸው የሕዝብ ዘፈኖች ላይ ሮያሊቲ ለመሰብሰብ የሚጠቀሙበት የብዕር ስም ነው። ከአፍሪካ የመጣ ዘፈን ደራሲ ይኖረዋል ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ሸክላው ላይ ግን የሊንዳ ስም ታትሞ ነበር።

ሲገር በኋላ ላይ ደራሲው ማን እንደሆነ ሲያውቅ 1,000 ዶላር ለሊንዳ ላከ። የደራሲነቱ ድርሻም ለሊንዳ እንዲላክ ለአሳታሚው መናገሩን ራሱ አስረድቷል። 1,000 ዶላር በዚያን ጊዜ ትልቅ ገንዘብ ነው፤ ሲገርም ቅን ሰው ነበር። ግን አንድ ጊዜ የተላከ ቼክ ስጦታ ነው። ዘፈኑ በየዓመቱ ሲገለበጥ፣ ሲሸጥ፣ በሬዲዮ ሲለቀቅ በየዓመቱ የሚከተል ድርሻ ሌላ ነገር ነው። አሳታሚው ጋ የተነገረው ቃል ደግሞ ውል ውስጥ አልገባም ነበር። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል የምንለው እንዲህ ያለውን ነው።

በ1960 ማሪያም ማኬባ በመጀመሪያው አልበሟ ላይ «ምቡቤ»ን ዘፈነችው። በ1961 ደግሞ ጆርጅ ዴቪድ ዋይስ የተባለ የኒውዮርክ የግጥም ደራሲ ሊንዳ በሦስተኛው ሙከራ ያፈለቃትን ዜማ ወስዶ የእንግሊዝኛ ግጥም አለበሳት። «ዘ ቶከንስ» የተባሉ የብሩክሊን ልጆች ዘፈኗትና በታኅሣሥ ወር በአሜሪካ የሙዚቃ ሰንጠረዥ 1ኛ ወጣች። ደራሲ ተብለው የተመዘገቡት ዋይስና ሁለቱ የዘፈኑ ፕሮዲውሰሮች ናቸው። የሊንዳ ስም አልነበረም።

ሶዌቶ ውስጥ

ዘፈኗ አሜሪካ ላይ 1ኛ ስትወጣ ሊንዳ ሶዌቶ ውስጥ ታሞ ነበር። በ1959 መድረክ ላይ እየዘፈነ ወደቀ። በሽታው የኩላሊት ነው። ሦስት ዓመት ያህል ከታመመ በኋላ ጥቅምት 8 ቀን 1962 አረፈ፤ 53 ዓመቱ ነበር። ዘፈኗ 1ኛ ከወጣች ዓመት እንኳን አልሞላትም።

ባለቤቱ ሬጂና ልጆቹን ይዛ ቀረች። ልጆቹ ካደጉ በኋላ እንደተናገሩት ቤታቸው የሚበላው በአብዛኛው የበቆሎ ገንፎና የዶሮ እግር ነበር። መቃብሩ 18 ዓመት ያለ ድንጋይ ቆየ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚለው ተረት ለዚህ ቤት የተተረተ ይመስላል፤ በተለይ አባትየው ከብት ጠባቂ ሆኖ ማደጉን ስታስታውሱ።

ዘፈኗ በበኩሏ መሥራቷን አላቆመችም። ከመቶ በላይ ዘፋኞች በተለያየ ቋንቋ ተጫወቷት። በ1994 «ላየን ኪንግ» ሲወጣ የአዲስ ትውልድ ዘፈን ሆነች፤ በ1997 ደግሞ የብሮድዌይ ቴአትር ውስጥ ገባች።

ከ1911 የመጣ ሕግ

በ2000 ደቡብ አፍሪካዊው ጸሐፊ ሪያን ማላን «ሮሊንግ ስቶን» መጽሔት ላይ ረጅም ጽሑፍ አወጣ። የዘፈኗን የገንዘብ መንገድ ከውል ወደ ውል፣ ከአሳታሚ ወደ አሳታሚ ተከታተለ። ዲዝኒ ከተጠቀመባት ብቻ 15 ሚሊዮን ዶላር የሚሆን ሮያሊቲ እንዳስገኘች ገመተ። ቤተሰቡ ጋ የደረሰው ከዚህ ጋር የሚወዳደር አልነበረም።

ጽሑፉ ነገር ቀሰቀሰ። ኦወን ዲን የተባሉ የደቡብ አፍሪካ የቅጂ መብት ሊቅ የድሮ ሕግ ገልጠው አንድ አንቀጽ አገኙ። በ1911 ብሪታኒያ ያወጣችውና ቅኝ ግዛቶቿን ሁሉ ይገዛ የነበረው የቅጂ መብት ሕግ፣ ደራሲ መብቱን ቢሸጥም ከሞተ 25 ዓመት በኋላ መብቱ ወደ ወራሾቹ ይመለሳል ይላል። ሊንዳ የሞተው በ1962 ነው። 25 ሲጨመርበት 1987። ስለዚህ «ላየን ኪንግ» ሲወጣ መብቱ በእነዚያ አገሮች የወራሾቹ ነበር ማለት ነው።

በ2004 የሊንዳ ንብረት አስተዳዳሪ ዲዝኒን ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ከሰሰ። ዲዝኒ በአገሪቱ ያስመዘገባቸው የንግድ ምልክቶች ለክሱ ዋስትና እንዲያዙም ፍርድ ቤቱ ፈቀደ። ሚኪ ማውስ ሳይቀር በአንድ የሸክላ አሻጊ ጉዳይ ተያዘ ማለት ነው። በየካቲት 2006 ጉዳዩ በስምምነት አለቀ። ሊንዳ የዘፈኗ ተባባሪ ደራሲ መሆኑ ታመነ፣ ቤተሰቡ ከ1987 ወዲህ ላለውና ለወደፊቱም ድርሻ እንዲያገኝ ተወሰነ፣ ገንዘቡን የሚያስተዳድር ተቋም ተመሠረተ። መጠኑ ግን ይፋ አልሆነም።

ታሪኩ እዚህ ላይ በደስታ አላለቀም። በ2019 ኔትፍሊክስ ላይ የወጣ ዘጋቢ ፊልም ሴቶች ልጆቹ ከተነገራቸውና ከጠበቁት ያነሰ እንደደረሳቸው ሲናገሩ ያሳያል። መብት ከተመለሰ በኋላም ገንዘብ በስንት እጅ ያልፋል የሚለው ጥያቄ ቀርቷል።

ታዲያ እንግዛ ወይስ እንክፈት?

አሁን ወደ ዛሬው ክርክር እንምጣ።

አንድ ዘፈን ውስጥ ሁለት መብት አለ። አንዱ የድርሰቱ ነው፤ የግጥምና የዜማው። ሌላው የቀረጻው ነው፤ ስቱዲዮ ውስጥ የተቀዳው ድምፅ። ሁለቱ የተለያየ ሰው እጅ ሊሆኑ ይችላሉ። ሊንዳ ድርሰቱም ቀረጻውም ከእጁ ወጥቶ ነበር። ለዚህ ነው ሸክላው ቢሸጥም፣ ሌላ ሰው ቢዘፍነውም፣ ፊልም ላይ ቢገባም ያላገኘው።

እንደ ስፖቲፋይ ያሉ ማድመጫዎች አንድ ዘፈን በተከፈተ ቁጥር የተቆረጠ ዋጋ አይከፍሉም። ከወር ክፍያና ከማስታወቂያ የመጣው ይጠራቀማል፤ ከዚያ ሁለት ሦስተኛ ገደማው ለመብት ባለቤቶች በመደመጥ ድርሻቸው ይከፋፈላል። አንድ መደመጥ ሲሰላ ከአንድ የአሜሪካ ሳንት በታች ነው። ከ2024 ወዲህ ደግሞ በ12 ወር ውስጥ 1,000 ጊዜ ያልተደመጠ ዘፈን ለቀረጻው ባለቤት ምንም አይከፈለውም። ብዙ አድማጭ ላለው ይሄ ያዋጣል፤ ጥቂት ግን ታማኝ አድማጭ ላለው አያዋጣም።

መግዛት የተለየ ነው። ባንድካምፕ ላይ የ10 ዶላር አልበም ብትገዙ ድርጅቱ ለራሱ የሚቆርጠው 15 በመቶ ነው። የክፍያ ማስተላለፊያ ወጪ ሲቀነስ ቀሪው ለሻጩ ይገባል። በማድመጫ ያንኑ 10 ዶላር ለማግኘት ከ1,000 በላይ መደመጥ ያስፈልጋል። ስለዚህ በቁጥር ካየነው መግዛት በደንብ ይበልጣል፣ ጥያቄ የለውም።

ግን ሻጩ ማነው? ዋናው ነገር ይሄ ነው። ሻጩ ራሱ አርቲስቱ ከሆነ ገንዘባችሁ ቤቱ ይገባል። ሻጩ ዘፈኑን አንድ ጊዜ ከፍሎ ጠቅልሎ የገዛ ድርጅት ከሆነ ግን ብትገዙም፣ ብትከፍቱም፣ 1 ሚሊዮን ጊዜ ብታዩም ለዘፋኙ የሚጨመርለት የለም። የሊንዳ 10 ሺሊንግ ዛሬ በብር ወይም በዶላር ይሰየማል እንጂ አሠራሩ ያው ነው። የዩቲዩብ ቻናሉ የማን ነው? ውሉ ላይ ድርሻ ተጽፏል ወይስ ጠቅላላ ሽያጭ ነው? አርቲስቱን የሚጠቅመው የትኛው መንገድ እንደሆነ የሚወስነው ይሄ ነው።

እኛ አገር ሕጉ አለ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲ በሕይወት እስካለ፣ ከሞተ በኋላም ለወራሾቹ 50 ዓመት የኢኮኖሚ መብት ይሰጣል። ነገር ግን አዋጅ የሚጠብቀው በእጅህ ያለውን መብት ነው። ፈርመህ የሰጠኸውን ለማስመለስ ሌላ ኦወን ዲን፣ ሌላ የ1911 አንቀጽ ይፈልጋል። ለሊንዳም ይሄ የተገኘው ከሞተ ከ40 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

ስለዚህ ሙዚቃ ለምትወዱ፦ አቅም ካላችሁ ከአርቲስቱ በቀጥታ ግዙ፤ ኮንሰርቱ ላይም ተገኙ። በስልክ የምትሰሙ ከሆነ ደግሞ ሌላ ሰው ገልብጦ የጫነውን ሳይሆን የአርቲስቱን የራሱን ገጽ ፈልጋችሁ ክፈቱ። የግጥምና የዜማ ደራሲውን ስምም አንብቡ። ዘፈን ስታጋሩም ስማቸውን ጻፉ።

ለምትዘፍኑና ለምትደርሱ ወጣቶች፦ ገንዘብ ሲቸግር ጠቅላላ ሽያጭ እንደሚያጓጓ ግልጽ ነው፤ ሊንዳም የፈረመው ሞኝ ሆኖ ሳይሆን ሌላ አማራጭ ሳይኖረው ነው። እናንተ ግን ከመፈረማችሁ በፊት ውሉን ሕግ ለሚያውቅ ሰው አሳዩ። የመጀመሪያው ክፍያ ቢያንስም እንኳን፣ ትንሽም ብትሆን ድርሻችሁ በመቶኛ ወረቀቱ ላይ ትጻፍ። ዘፈኑ የት እንደሚደርስ በቀረጻው ቀን ማንም አያውቅም። ሊንዳም አላወቀም ነበር።